ምዕራፍ አምስት፦ በንክሻና በፈውስ መካከል ያሉት ቀኖች

በጎንደር ደጋ፣ ከወገራ ሜዳ አንሥቶ እስከ ጃናሞራና እስከ በየዳ ተራሮች ድረስ ባለው አገር፣ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሌሊት በጎቹን ከጅብ፣ ቀን አዝመራውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው፣ እረኛውን ልጅ ተከትሎ ከገደል ገደል ሲንከራተት የሚውለው፣ ደመወዙም ከማዕድ የተረፈ ፍርፋሪ ብቻ የሆነው ይህ እንስሳ በታማኝነቱ ሲመሰገን ይኖራል። ይኸው ታማኝ ዘበኛ ግን አንድ ቀን ጌታውን የማያውቅ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ሆኖ ሲታይ፣ በቤተ ሰቡ ላይ የሚወድቀው ሐዘን ስለ ውሻው ብቻ አይሆንም፤ በጥርሱ የተነካው ልጅ፣ በቅሎ ወይም ላም ሁሉ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በሞትና በሕይወት መካከል እንደ ቆመ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉና።

የእብድ ውሻ በሽታ ከሌላው ደዌ ሁሉ የሚለይበት አንድ አስፈሪ ጠባይ አለው፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ፣ ማለት በሽተኛው ውኃ መዋጥ ካቃተውና ነፋስና ብርሃን ከፈራ በኋላ፣ የዘመናችን ሕክምና ያለው ጥበብ ሁሉ ተሰብስቦ ሊያድነው አይችልም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ደዌ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነርሱም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራን፣ ሰሜን ጎንደር ዛሬ ምዕራብና ማዕከላዊ ጎንደር ከሚባሉት ጋር አንድ ሰፊ ዞን ሆኖ ሳለ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰዎች 2.33 ያህሉን፣ ከ100,000 የጋማ ከብቶች 67 ያህሉን፣ ከ100,000 ውሾች ደግሞ ከ412 የማያንሱትን እንደሚይዝ ገምተዋል። ሁለት ነጥብ ሠላሳ ሦስት የተባለው ቍጥር ከወባ ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ቍጥር አጠገብ ቢያስቀምጡት ኢምንት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን በወባ የታመመው ብዙው ሲድን፣ በዚህ ቍጥር ውስጥ የተቈጠረው ሰው ግን ሁሉም የሞተ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ የነገሩን ክብደት ይረዳዋል።

በዚህ ምዕራፍ የምናወሳው ናኖቦዲ የተባለው ረቂቅ የፕሮቲን መድኃኒት በብዙ የቫይረስ በሽታዎች ላይ እየተሞከረ ነው። እኛ ግን የእብድ ውሻን በሽታ የመረጥነው ለአገራችን ደጋ የቀረበ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ዓይነት መድኃኒት የሚያስፈልግበት ቦታ ከሌሎቹ ይልቅ በዚህ በሽታ ላይ ጐልቶ ስለሚታይ ነው።

ቫይረሱ የሚሄድበት መንገድ

ያበደ ውሻ ሰውን በነከሰ ጊዜ በለሐጩ ያለው ቫይረስ በቍስሉ በኩል ወደ ሥጋ ይገባል። በዚያም በጡንቻው ውስጥ ጥቂት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሳምንት ከቈየ በኋላ ወደ ነርቭ ጫፍ ይጠጋል፤ ነርቭም ከእጅና ከእግር ተነሥቶ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል የተዘረጋ የስሜትና የትእዛዝ መንገድ ስለ ሆነ፣ ቫይረሱ በዚያ ገብቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይጓዛል። በደም ውስጥ ቢሄድ ኖሮ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት አግኝተው በተዋጉት ነበር፤ በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ሲሄድ ግን ሰውነቱ ጠላት እንደ ገባበት እንኳ ሳያውቅ ይቈያል። ብዙ ጊዜ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያልፋል፤ ንክሻው በፊት ወይም በአንገት ላይ ከሆነ፣ ወደ አንጎል የሚያደርሰው መንገድ አጭር ስለሚሆን፣ ጊዜውም በዚያው ልክ ያጥራል።

እንግዲህ ይህ የመዘግየት ጠባይ ለሰው ልጅ የተተወ ዕድል ነው። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ በፊት፣ በላዩ ላይ ያለውንና የነርቭን ሕዋስ ይዞ ለመግባት የሚያስችለውን ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፕሮቲን የሚይዝ ነገር ቢያገኘው፣ እጁ እንደ ታሰረ ወንበዴ በቦታው ይቀራል። ሕክምናውም ሁሉ ይህን ዕድል ለመጠቀም የሚደረግ እሽቅድምድም ነው።

ክትባቱ የማይደርስበት ሳምንት

ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 በፓሪስ መከተብ ከጀመረ ወዲህ ክትባቱ ብዙ ተሻሽሏል። በአገራችንም የፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ፣ እርሱና ተተኪዎቹ፣ በመጨረሻም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን ክትባት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያመርቱ ኖረዋል፤ ያም ክትባት ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋ፣ ከአንጎል ሥጋ የተሠራ በመሆኑም አልፎ አልፎ የተከታቢውን ነርቭ የሚጐዳ ነበር። በቤተ ሙከራ ከሚራባ ሕዋስ የሚዘጋጀው አዲሱ ክትባት ከዚያ እጅግ የተሻለ፣ ቍጥሩም ያነሰ ነው።

ሆኖም ክትባት ማለት ሰውነት ራሱ አንቲቦዲ የሚባለውን ተከላካይ ፕሮቲን እንዲሠራ የማስተማር ሥራ ነው፤ ትምህርቱም ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው መርፌ ከተወጋ በኋላ በቂ አንቲቦዲ በደም ውስጥ እስኪታይ ድረስ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ያስፈልጋል። ንክሻው ጥልቅ፣ ቦታውም ነርቭ የበዛበት ፊት ወይም የእጅ ጣት በሆነ ጊዜ ቫይረሱ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቀድሞ ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህም ሲባል የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ ንክሻ ሦስት ነገር በአንድነት እንዲደረግ ያዝዛል፤ ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ክትባቱን መጀመር፣ በዚያውም ዕለት ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ፣ ማለት ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ በቍስሉ ውስጥና ዙሪያ መውጋት። ይህ ሦስተኛው ነገር ሰውነቱ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ቦታውን ይዞ የሚጠብቅ ነው።

ችግሩም ያለው በዚሁ በሦስተኛው ላይ ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚገኘው አስቀድመው ከተከተቡ ሰዎች ደም ወይም ከተከተቡ ፈረሶች ደም ተጣርቶ ስለ ሆነ፣ የሰዉ እጅግ ውድ፣ የፈረሱም ብዙ ማጣራት የሚያሻው ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ከፋብሪካው እስከ በሽተኛው ድረስ በማቀዝቀዣ መጓዝ አለባቸው። የብዙ ድኻ አገሮች የገጠር ጤና ጣቢያ ክትባቱን እንኳ ሁልጊዜ ሳያገኝ፣ ይህን ማግኘት ከዕድል የሚቈጠር ነው። ስለዚህ በንክሻና በፈውስ መካከል ያሉት ቀኖች በብዙ ቦታ ያለ ጠባቂ ያልፋሉ።

የግመል ደም

በእንስሳ ደም ሰውን የማዳን ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 የአንዱ እንስሳ የደም ውኃ ሌላውን ከመንጋጋ ቆልፍ በሽታ እንደሚጠብቅ ካሳዩ ጀምሮ፣ ፈረስ የሰው ልጅ መድኃኒት ማምረቻ ሆኖ ቈይቷል። ግመል ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የገባ ነው።

ጎንደር ግመልን የምታውቀው በጭነት እንስሳነቱ ነው። ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ዐቃቤ ሥራይ ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል በ1691 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲመጣ በረሃውን ያሻገረው ግመል ነበር፤ የመተማ ገበያና የቋራ ቈላም እስከ ዛሬ ድረስ የግመል አገር ነው። የደጋው ክርስቲያን ግን ግመልን በሕገ ኦሪት ከሚከለከሉት እንስሳት ቈጥሮ ሥጋውን አይበላም፣ ወተቱንም አይጠጣም፤ መጥምቁ ዮሐንስ የግመል ጠጕር ለብሶ በምድረ በዳ እንደ ሰበከ በየዓመቱ የሚሰማው ይኸው ክርስቲያን፣ ከማዕዱ የራቀው እንስሳ ከደሙ ውስጥ ለአንጎሉና ለነርቩ የሚሆን ፈውስ ይዞ ይገኛል ብሎ ሊጠረጥር የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም።

ነገሩ የተገለጠው በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ፣ ሬይሞን ሐመርስ በሚባሉ መምህር ቤተ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ተማሪዎች ለልምምድ አንቲቦዲን ከደም አጣርተው እንዲለዩ ታዘዙ። በዚያ ዘመን የሰው ደም መንካት የኤድስን ፍርሃት ያስከትል ስለ ነበረ፣ አይጥ መግደሉንም ስላልወደዱት፣ ገንዲን ለሚመስለው የግመል በሽታ ጥናት ተቀምጦ ከነበረው የበረደ የግመል ደም ወስደው ሠሩበት። ከዚያም ደም ውስጥ ከተለመደው አንቲቦዲ ሌላ፣ ግማሽ አካሉ የጐደለ የሚመስል ሁለተኛ ዓይነት አገኙ። የመምህሩና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1993 በኔቸር መጽሔት በወጣ ጊዜ፣ ጐደሎ የመሰለው ነገር ጕድለት ሳይሆን ተፈጥሮ ለግመል፣ በደቡብ አሜሪካም ላሉት ዘመዶቹ ለላማና ለአልፓካ የሰጠችው የተለየ ጸጋ መሆኑ ታወቀ።

የትንሹ ፕሮቲን ኃይል

የሰው አንቲቦዲ ከአራት ሰንሰለቶች የተገመደ ነው፤ ሁለቱ ከባድ፣ ሁለቱ ቀላል ይባላሉ፤ ጠላትን የሚይዘውም ጫፉ ከከባዱና ከቀላሉ በአንድነት የሚሠራ ነው። የግመል ሁለተኛው አንቲቦዲ ግን ቀላሉን ሰንሰለት ትቶ በከባዱ ብቻ ይቆማል፤ ስለዚህ የሚይዘው ጫፍ አንድ ቍራጭ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ይህን አንድ ቍራጭ ከቀረው አካል ለይተው ብቻውን ቢያወጡት ኃይሉን ሳያጣ ሥራውን የሚሠራ ሆኖ አገኙት፤ ናኖቦዲ ያሉትም ይህንን ነው። ክብደቱ ከሙሉው አንቲቦዲ አንድ ዐሥረኛ ያህል፣ ማለት በ150,000 ፈንታ 15,000 ዳልተን ገደማ ነው።

የትንሽነቱ ጥቅም ብዙ ነው። ከጫፉ ላይ የሚወጣ ረዘም ያለ ቅጥያ ስላለው፣ የስፌት ወስፌ በአክርማው ጥምዝ መካከል እጅ የማይገባበትን ቦታ ፈልጎ እንደሚገባ፣ በቫይረሱ ፕሮቲን ስንጥቆች ውስጥ ሙሉው አንቲቦዲ የማይደርስበትን ስፍራ ይደርሳል፤ ቫይረሶችም ከአንቲቦዲ የሚሰውሩት ዋናው ቦታቸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ናኖቦዲ በአጭር ሰንሰለት አያይዞ ኃይላቸውን ማበርታት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ለማምረት የፈረስ መንጋ ማርባት ወይም የሰው ደም መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ግመሉ ወይም ላማው ለጠላቱ ከተጋለጠ በኋላ ጥቂት ደም ይወሰድለታል፣ ከዚያም ደም የአንቲቦዲው የትውልድ ጽሕፈት፣ ማለት ጂኑ፣ ይቀዳል፣ ከብዙ ሚሊዮን መካከል ጠላቱን አጥብቆ የሚይዘው ተመርጦ ይወጣል፣ ጽሕፈቱም ወደ ባክቴሪያ ወይም ወደ እርሾ ገብቶ እርሾው በጋን ውስጥ እየተራባ ፕሮቲኑን ያመርታል። ከእንስሳው የሚፈለገው እንግዲህ ይህ ጽሕፈት ነው እንጂ ዘወትር ደሙ አይደለም።

ሌላም ጠባይ አለው፤ ብዙዎቹ ናኖቦዲዎች ሙቀትን ይታገሣሉ፣ ሙቀት ሲያበላሻቸውም ሲቀዘቅዙ ወደ ቅርጻቸው የሚመለሱ አሉ። ብዙ መድኃኒት በማቀዝቀዣ ካልሆነ በማይጓዝበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ጠባይ ለገጠር ሕክምና ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ጕድለቱም መነገር አለበት። ትንሽ በመሆኑ ኩላሊት ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓት ያጣራዋል፤ ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ለቀናት መቈየት ያለበት መድኃኒት ከሆነ፣ በደም ውስጥ በብዛት ካለው አልቡሚን ጋር እንዲጣበቅ ሆኖ መሠራት ይገባዋል።

የተፈተነውና ገና ያልተፈተነው

ናኖቦዲ መድኃኒት ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ነው፤ ይህም ካፕላሲዙማብ የተባለው ሲሆን የሚያክመው የቫይረስ በሽታ ሳይሆን ደም ያለ ቦታው የሚረጋበትን አንድ ብርቅ ደዌ ነው። በቫይረስ በኩል የተደረገው ሙከራ ተስፋና ብስጭት የተቀላቀለበት ሆኗል። በባንግላዴሽ በሮታ ቫይረስ ተቅማጥ ለታመሙ ሕፃናት ከላማ የተገኘና በእርሾ የተመረተ ናኖቦዲ በአፍ ተሰጥቷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጽሑፍ የተቅማጡ ብዛት እንደ ቀነሰ አስታወቀ። የሕፃናትን ሳንባ ለሚጐዳው አርኤስቪ ለተባለው ቫይረስ የተዘጋጀውና በእስትንፋስ የሚሳበው ሌላው ናኖቦዲ ግን በሆስፒታል በተኙ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ቫይረሱን ቶሎ ሲያጠፋ፣ የሕፃናቱን ሕመም አላሻለም፤ ሥራውም ቆመ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ሕፃኑ ሆስፒታል በደረሰ ጊዜ ቫይረሱ ጕዳቱን አስቀድሞ አድርሷልና፣ የዘገየ መድኃኒት ጠላቱን ቢገድልም ቤቱን ከቃጠሎ አያተርፍም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም በቤልጅየም የምትኖር ዊንተር የተባለች ላማ በቀድሞው የሳርስና የመርስ ቫይረስ ፕሮቲን ተከትባ ከነበረው ደሟ የተገኘው ናኖቦዲ አዲሱንም ቫይረስ በቤተ ሙከራ ሊገታ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 ታይቷል።

የእብድ ውሻን በሽታ የሚመለከተው ዋና ሥራ የተሠራውም በዚያው በቤልጅየም ነው። ተመራማሪዎቹ የቫይረሱን ግላይኮፕሮቲን የሚይዙ ናኖቦዲዎች አውጥተው፣ ከአልቡሚን ጋር የሚጣበቁ አድርገው አበጅተው፣ ቫይረሱ በአፍንጫቸው በኩል በተሰጣቸው አይጦች ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጽሑፋቸው እንደ ተገለጠው፣ ቫይረሱ ከተሰጣቸው ከ24 ሰዓት በኋላ ናኖቦዲ ብቻ ካገኙት አይጦች 19 በመቶው፣ ናኖቦዲንና ክትባትን በአንድነት ካገኙት ግን 60 በመቶው ድነዋል፤ ክትባት ብቻ ያገኙትን ግን ክትባቱ ሊያድናቸው አልቻለም። ከሰው የተወሰደው ኢሚዩኖግሎቡሊንና ክትባት በአንድነት የተሰጣቸውም በዚያ ብርቱ ሙከራ አልዳኑም። የሁለቱ መረዳዳት በትክክል ከላይ ያልነውን ያመለክታል፤ ናኖቦዲው የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ይጠብቃል፣ ክትባቱ የቀሩትን ይረከባል። ይህ ማስረጃ ግን የአይጥ ማስረጃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አይጥን ያዳነ ሁሉ ሰውን አያድንም።

ለደጋው ምን ይጠቅማል

ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ይህ ጥበብ ወደ ጎንደር ደጋ ቢመጣ በየትኛው በር ይገባል የሚለው ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ የጤና መኰንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ጠባቂን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚልክበት ሥርዓት የተመሠረተው፣ በሽተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ሕክምናው ወደ በሽተኛው መሄድ አለበት በሚል አሳብ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ከሌሎች ይልቅ ይህን አሳብ ይሻል። ከበየዳ ቀበሌዎች ተነሥቶ በእግርና በበቅሎ ወደ መኪና መንገድ፣ ከዚያም ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው መጀመሪያዎቹን ውድ ቀኖች በመንገድ ላይ ይጨርሳቸዋል፤ ከላይ የተጠቀሰው የሰሜን ጎንደር ጥናት እንዳሳየውም ብዙው ሰው አስቀድሞ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። ሙቀት የማይጐዳው፣ ዋጋው የቀነሰ፣ በጤና ኬላ ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል መድኃኒት ቢኖር፣ ይህን የመንገድ ጕድለት የሚሸፍነው እርሱ ነው።

ነገር ግን ለዚህ ሁለት ነገር አስቀድሞ ያስፈልጋል። አንደኛው ናኖቦዲ የሚይዘው የቫይረሱን አንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቫይረሱ በዚያ ቦታ ቢለወጥ ያመልጠዋልና፣ የተለያየ ቦታ የሚይዙ ከአንድ በላይ ናኖቦዲዎች ተቀላቅለው፣ በአገራችን ውሾች ላይ በሚገኘው የቫይረስ ዘር ላይ መፈተን አለባቸው። ለዚህ ናሙናው ያለው በእኛው እጅ ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረና፣ በመተማም ቈላ ያላት የግመል ሀብት የሌላው አገር ላማ ሳያስፈልግ የሚበቃ የአንቲቦዲ ምንጭ መሆኑን የእንስሳት ሕክምናና የሕይወት ሳይንስ መምህራኖቻችን አውቀው ሥራውን ከሌላ እጅ ከመጠበቅ ራሳቸው መጀመር ይገባቸዋል፤ ግመልን መከተብና ደሙን መውሰድ ለእነርሱ የዕለት ሥራቸው ነውና፣ የሚጐድለው የጽሕፈቱ መምረጫና የእርሾው ማምረቻ ቤት ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሞትን የሚቀንሰው መንገድ የታወቀ ነው። የዓለም ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ከአንድ አገር ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ይህም የሚጠቅመው ለሰው ብቻ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991ና በ1992 በቀይ ቀበሮ ላይ እንደ ደረሰው ያለ እልቂት፣ ከመንደር ውሾች ጋር በሚዋሰነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያሉትን ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች እንዳያገኛቸው የሚጠብቃቸውም እርሱ ነው። የውሻ ክትባት በሽታውን ከምንጩ ያደርቃል፤ ሳሙናና ውኃ ቫይረሱን ከቍስሉ ያጥባል፤ የሰው ክትባት የዘላቂውን ጥበቃ ይሰጣል። ናኖቦዲ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም፤ የሚተካው ዛሬ በዋጋውና በማቀዝቀዣው ምክንያት ከደጋው የራቀውን ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው። ስለዚህ የቤተ ሙከራው ውጤት ምንም ያህል ቢያስደንቅ፣ የዚህ ጥበብ ፈተና በአይጥ መዳን የሚያበቃ አይደለም፤ በጃናሞራ ልጅ በተነከሰበት ዕለት፣ ከክትባቱ ጋር በአንድ ጤና ኬላ፣ ቤተ ሰቡ በሚችለው ዋጋ ካልተገኘ፣ መድኃኒት መባሉ ገና ያልተፈጸመ ተስፋ ነው።